አራት ዙር ተኩል በአየር ላይ

የክረምት ኦሊምፒክ የሚውለው በእኛ ጥርና የካቲት ነው። ያን ጊዜ በመርጡለ ማርያም ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ሰው ማምሻውን ቴሌቪዥን ፊት አረፍ ይላል። ቻናል ሲቀያየር ነጭ ሜዳ ላይ የሚሽከረከር ሰው ብቅ ካለ ደግሞ ሪሞቱ ቦታውን ይይዛል። ሙዚቃው ያምራል፣ ልብሱ ያብረቀርቃል። ችግሩ የሚመጣው ውጤቱ ሲነገር ነው፤ «ይሄኛው ወድቆ አልነበር እንዴ? ታዲያ እንዴት አሸነፈ?»

ጥያቄው የጀማሪ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ስፖርቱን የሚያውቁትንም ሲያሟግት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦንታሪዮ ውስጥ ባለችው ለንደን ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ የካናዳው ፓትሪክ ቻን በረዥሙ ትርኢት ሁለት ጊዜ ወድቆ ወርቁን ወሰደ። የካዛኪስታኑ ዴኒስ ቴን ረዥሙን ትርኢት ራሱን ችሎ ቢያሸንፍም በአጠቃላይ ድምር በ1.30 ነጥብ ተበለጠ። ቻንን ያዳነው በመጀመሪያው ቀን አጭር ትርኢት ያጠራቀመው ነጥብ ነበር፤ የሁለቱ ትርኢቶች ውጤት ይደመራልና። ሌላው ምክንያት ግን ወደ ዋናው ጉዳይ ይወስደናል። በፊገር ስኬቲንግ እያንዳንዱ ዝላይ አስቀድሞ የተቆረጠለት ዋጋ አለው። ያን ዋጋ የሚወስነው ከምንም በላይ እግሩ ከበረዶው ሲነሳ የሚሆነው ነገር ነው፤ የእኛ ዓይን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ ያለውን ሰው እያየ እግሩን ይስታል።

እንግዲህ ከእግር እንጀምር። ከጫማው ስር ያለው ብረት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስሩ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ከፊት እስከ ኋላ በመሃሉ ቦይ ወጥቶለታል። ስለዚህ ሁለት ጠርዝ አለው፤ ወደ ሌላው እግር ያለው የውስጥ ጠርዝ፣ በተቃራኒው ያለው ደግሞ የውጭ ጠርዝ ይባላል። ስኬተሩ ቀጥ ብሎ የሚንሸራተተው ለአፍታ ያህል ነው። ቀሪውን ጊዜ ወደ አንዱ ጠርዝ ያጋድላል፤ ያጋደለበት ጠርዝም ቅስት እየሠራ ይወስደዋል። ከብረቱ ፊት ጫፍ ላይ ጥርሶች አሉ። ጀማሪን በአፍጢሙ የሚደፉት እነዚህ ናቸው፤ አዋቂው ግን በረዶው ላይ ተክሏቸው ይዘልባቸዋል።

በረዶውም ቢሆን እኛ የምናውቀው፣ ክረምት ላይ ቆርቆሮ እየደበደበ ሰብል የሚያስተኛው አይደለም። ሜዳው 60 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ ከስሩ እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ የሚዞርባቸው ቧንቧዎች ተዘርግተዋል፤ በላያቸው ውሃ በስሱ እየተረጨ ድርብርብ ሆኖ ይረጋል። ለፊገር ስኬቲንግ የሚፈለገው ከዜሮ በታች ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ገደማ የሆነ በረዶ ነው። የሆኪ ተጫዋቾች ከዚህ የበለጠ የቀዘቀዘና የጠነከረ ይመርጣሉ። ለዘላዩ ግን ለስለስ ያለው ይሻለዋል፤ ጠርዙ ይነክስለታል፣ ጥርሱም ሳይሰባብረው ይተከልለታል።

በውድድር የሚቆጠሩት ዋና ዋና ዝላዮች ስድስት ናቸው፤ ቶ ሉፕ፣ ሳልኮው፣ ሉፕ፣ ፍሊፕ፣ ሉትዝ፣ አክስል። ይህ ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄደው የነጥብ ቅደም ተከተልም ነው። ስድስቱም የሚያርፉት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ጀርባን ሰጥቶ፣ በአንድ እግር፣ በውጭ ጠርዝ። እንደ አብዛኛው ስኬተር ወደ ግራው የሚዞር ከሆነ የሚያርፈው በቀኝ እግሩ ነው። ማረፊያቸው አንድ ከሆነ ልዩነታቸው ያለው አነሳሳቸው ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። አየር ላይ ያለን ሰው ብቻ አይቶ ይህ ሉትዝ ነው፣ ይህ ፍሊፕ ነው ማለት አይቻልም።

ቶ ሉፕን በ1920ዎቹ አሜሪካዊው ብሩስ ሜፕስ እንዳመጣው ይነገራል፤ ጥርስ ተክለው ከሚነሱት ሁሉ ቀላሉ ነው። ሳልኮው በስዊድናዊው ኡልሪክ ሳልኮው ስም ይጠራል። ሰውዬው አሥር ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ደግሞ የወርቅ ባለቤት ነበር፤ ዝላዩን በ1909 አሳየ። ሉፕ ጥርስ የማይነካበት ዝላይ ነው፤ ስኬተሩ እንደ መቀመጥ ብሎ በዚያው በሚያርፍበት እግር ይነሳል። ፍሊፕ ከግራ እግር የውስጥ ጠርዝ ተነስቶ የቀኙን ጥርስ ይተክላል።

ሉትዝ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ስሙን ያገኘው በ1913 ካሳየው ኦስትሪያዊ፣ ከአሎይስ ሉትዝ ነው። ስኬተሩ ጀርባውን ሰጥቶ በግራ እግሩ የውጭ ጠርዝ ረዥም ቅስት ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሜዳው ጥግ ሲጓዝ ታዩታላችሁ። ያ ቅስት ሰውነቱን ወደ ቀኝ እያዞረው ነው። ከዚያ የቀኝ እግሩን ጥርስ ከኋላው ይተክልና ወደ ግራ ዞሮ ይነሳል። እግሩ የሚወስደው ወደ አንድ በኩል፣ አካሉ የሚዞረው ወደ ሌላ በኩል! ሌሎቹ ዝላዮች መነሻ ቅስታቸው ራሱ የመዞር ጉልበት ያበድራቸዋል፤ ሉትዝ ግን ጉልበቱን ሁሉ የሚያገኘው ከትከሻና ከተተከለው ጥርስ ነው።

ስለዚህ ብዙዎች በመጨረሻዋ ቅጽበት ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ውስጥ ዘመም ያደርጋሉ። ጠርዙ ከውጭ ወደ ውስጥ ይቀየራል፤ ዝላዩም ሉትዝ መሆኑ ቀርቶ ፍሊፕ ይሆናል። ስኬተሮች ይህን ሌብነት «ፍለትዝ» ይሉታል፤ በዓለም መድረክ የቆሙ ሻምፒዮኖች ሳይቀሩ ተይዘውበታል። ዳኞች ቪዲዮውን በዝግታ እያዩ ነጥብ ይቀንሱበታል። ቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ሰውም ሊይዘው ይችላል፤ ጥርሱ ከመተከሉ በፊት ያለችውን አንድ ሰከንድ የግራውን ቁርጭምጭሚት ብቻ መከታተል ነው። እኔ በበኩሌ ንጹሕ ሉትዝ ከማንኛውም ዝላይ ይበልጥብኛል፤ ረዥም ዝምታ ያለበት፣ ዘላዩ ምን ሊሠራ እንደሆነ አስቀድሞ ለሁሉም የሚያሳውቅበት ዝላይ ነውና።

አክስል ሌላ ነገር ነው። ከስድስቱ ፊቱን ሰጥቶ የሚነሳው እሱ ብቻ ስለሆነ ለይቶ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ኖርዌያዊው አክስል ፓውልሰን በ1882 ቪየና ላይ፣ ያውም ለፍጥነት ውድድር በሚያገለግል ጫማ ዘለለው። ፊቱን ሰጥቶ ተነስቶ ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚያርፍ በግድ ግማሽ ዙር ይጨመርበታል። ባለ አንድ ዙር አክስል አንድ ተኩል ነው፤ ባለ ሦስቱ ሦስት ተኩል፣ ባለ አራቱ አራት ተኩል። ከዚህ ሌላ፣ በግራ እግር የተነሳ ሰው የሚያርፈው በቀኙ ስለሆነ፣ እየዞረ ሳለ የክብደቱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ጎኑ ማሻገር አለበት። ለጀማሪ ይህ መሻገር ራሱ ከባድ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ የተነሳ ሰው አየር ላይ የሚቆየው 0.7 ሰከንድ ያህል ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ቢነሳ እንኳ የሚያገኘው 0.8 ሰከንድ ነው። ሃያ ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ከፍታ ለስፖርተኛ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያስገኘው ግን አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ነው። አራት ዙር በ0.7 ሰከንድ ለመዞር በሰከንድ ከአምስት ዙር በላይ ፍጥነት ያስፈልጋል። ጥቂቱ የዙር ክፍል እግሩ በረዶውን ሳይለቅ ቢጀመርም የቀረውም ቢሆን ያስደነግጣል። ከፍታ ብዙ ስለማያበድር መፍትሔው መዞሩን ማፋጠን ነው።

እንዴት ይፋጠናል? እናቶቻችን ሲፈትሉ ያየ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል። ባዶው እንዝርት አንዴ ሲያሾሩት በፍጥነት ይዞራል፤ ፈትሉ እየተጠቀለለበት ወገቡ ሲወፍር ግን ይሰንፋል፤ ክብደቱ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር ማዞሩ ይከብዳልና። ስኬተሩም ሲነሳ እጆቹ ክፍት ናቸው። ከበረዶው እንደለቀቀ እጆቹን ደረቱ ላይ ይሰበስባል፣ እግሮቹን ያቆላልፋል፣ ቀጥ ብሎ ይቀጥናል። መሽከርከሩ እጆቹን ወደ ውጭ ስለሚጎትታቸው አጥብቆ መያዝ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። ሰውነቱ በትንሹ ካዘነበለ አለቀ። ከዚያም በትክክለኛዋ ቅጽበት መከፈት አለበት፤ ዘግይቶ የከፈተ ዙሩን ማቆም ያቅተዋል፣ ቀድሞ የከፈተ ዙሩ አይሞላለትም። ሲያርፍ በአንድ እግሩ፣ በዚያች ቀጭን ብረት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ወገብና ቁርጭምጭሚት የሚያልቀው በዚህ ነው፤ አንድ ልጅ አንዱን ዝላይ እስኪይዝ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግመው ማሰብ ብቻ ይበቃል።

ዙሩ የጨመረው ቀስ በቀስ ነው። አሜሪካዊው ዲክ በተን በ1948 ሴንት ሞሪትዝ ኦሊምፒክ ባለ ሁለት ዙር አክስልን፣ በ1952 ኦስሎ ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ባለ ሦስት ዙር ዝላይ፣ ሉፕን፣ አሳየ። ባለ ሦስት ዙር አክስል እስኪመጣ ከዚያ 26 ዓመት ወሰደ፤ ካናዳዊው ቨርን ቴይለር በ1978 የዓለም ሻምፒዮና ኦታዋ ላይ አረፈበት። የመጀመሪያው የጸደቀ ባለ አራት ዙር ዝላይ የካናዳው ከርት ብራውኒንግ ቶ ሉፕ ነው፤ ቡዳፔስት፣ 1988። ከዚያ በኋላ ሳልኮው፣ ሉትዝ፣ ፍሊፕና ሉፕ እየተከታተሉ ወደ አራት ዙር ገቡ። አክስል ብቻ ቀረ።

ሴቶቹም ዝም ብለው አልተመለከቱም። ጃፓናዊቷ ሚዶሪ ኢቶ በ1989 ፓሪስ ላይ ባለ ሦስት ዙር አክስል ዘልላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ1992 አልበርትቪል ኦሊምፒክ በትርኢቷ መጀመሪያ በዚያው ዝላይ ወደቀች፤ ድካም በሚበረታበት መጨረሻው ላይ ደግማ ሞክራ አረፈችበት፣ ብርም አገኘች። በ2002 ሌላዋ ጃፓናዊት ሚኪ አንዶ ባለ አራት ዙር ሳልኮው በመሥራት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ሩሲያዊቷ አሌክሳንድራ ትሩሶቫ ደግሞ በ2022 ቤጂንግ ላይ በአንድ ትርኢት አምስት ባለ አራት ዙር ዝላዮች አደረገች። ረዥሙን ትርኢት አሸነፈች፤ በአጭሩ ግን ባለ ሦስት ዙር አክስል ሞክራ ወድቃ ስለነበር ወርቁ ሁለት ባለ አራት ዙር ዝላይ ብቻ ላደረገችው ለአና ሽቸርባኮቫ ሆነ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር በአዋቂዎች ውድድር ለመግባት የሚጠየቀውን ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ደረጃ በደረጃ ከፍ ለማድረግ ወሰነ። ቀጭን የልጅ ሰውነት በፍጥነት ይዞራል፤ ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝ ልጅቷ ሳታድግ ለመድረስ ይጣደፋል። ውሳኔው የዘገየ እንጂ የከፋ አልነበረም።

ባለ አራት ዙር አክስልን የሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኑ ጃፓናዊ ዩዙሩ ሃንዩ ለዓመታት ሲያሳድደው ቆይቷል። ቤጂንግ 2022 ላይ አጭሩ ትርኢት የጀመረው በመጥፎ ዕድል ነበር፤ ሊዘል ሲል ብረቱ ሌላ ዝላይ በረዶው ላይ በተወው ጉድጓድ ገባበትና ባለ አራት ዙር ሳልኮው ሊሆን የነበረው አንድ ዙር ብቻ ሆኖ ቀረ። ስምንተኛ ሆነ። በረዥሙ ትርኢት የሚያዋጣው ጥንቃቄ ነበር፤ እሱ ግን አክስሉን ይዞ ገባ። ዙሩ ሳይሞላ ወደቀ፤ በመጨረሻም አራተኛ ሆነ።

ከሰባት ወር በኋላ፣ መስከረም 14 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሌክ ፕላሲድ በምትባል ከተማ፣ የ17 ዓመቱ ኢሊያ ማሊኒን አረፈበት። ለኡዝቤኪስታን ይወዳደሩ የነበሩት ስኬተሮች የታትያና ማሊኒናና የሮማን ስኮርኒያኮቭ ልጅ ነው፤ የተወለደው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ነው፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በጥር የአሜሪካ ሻምፒዮና ላይ ሁለተኛ ወጥቶ ሳለ ለኦሊምፒክ አልተመረጠም ነበር። በ2024 ሞንትሪያል በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አክስሉን ጨምሮ ስድስት ባለ አራት ዙር ዝላዮችን አድርጎ በረዥሙ ትርኢት 227.79 ነጥብ አገኘ፤ ያን ጊዜ ከፍተኛው የዓለም ውጤት ነበር።

ማሊኒን ሌክ ፕላሲድ ላይ ሲዘል በነበረው ሠንጠረዥ ባለ አራት ዙር ሉትዝ 11.5 ነጥብ፣ ባለ አራት ዙር አክስል 12.5 ነበር። ከ1882 ጀምሮ ለተጠበቀ ዝላይ፣ አንድ ነጥብ! ለእኔ ስስት ነው። በሦስት ዙር ደረጃ ሉትዝ 5.9፣ አክስል 8.0 እንደነበር ስናይ ስስቱ ይብሳል።

ዳኞች በመነሻው ዋጋ ላይ ከአምስት ሲቀነስ እስከ አምስት ሲደመር የጥራት ምልክት ይሰጣሉ፤ እያንዳንዷ ምልክት የመነሻውን አንድ አሥረኛ ያህል ታወጣለች። የወደቀ ሰው አምስቱንም ያጣል፤ ከጠቅላላ ውጤቱም ቢያንስ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ስናሰላው፣ ዙሩን ሞልቶ የወደቀ ባለ አራት ዙር ሉትዝ 4.75 ይቀረዋል፤ ንጹሕ ባለ ሦስት ዙር ሉትዝ ግን 5.9 ነው። ይህ ስሌት የመጣው በ2018 ነው። ፓትሪክ ቻን በወደቀበት በ2013 ደንቡ ለወዳቂ ይራራ ነበር፤ ባለ አራት ዙር ሞክሮ መውደቅ ባለ ሦስት ዙር በሰላም ከማረፍ ይበልጥ ያስገኝ ነበር። ዛሬ ወድቆ የሚያሸንፍ ካያችሁ የቀሩት ዝላዮቹ ውድቀቱን ከፍለውለታል ማለት ነው።

ነጥብ የማያወራው ችሎታም አለ። አሜሪካዊው ቴሪ ኩቢካ በ1976 ኦሊምፒክ ወደ ኋላ ከተገለበጠ በኋላ የጀርባ ግልባጭ በውድድር ተከለከለ። በ1998 ናጋኖ፣ ፈረንሳዊቷ ጥቁር ስኬተር ሱርያ ቦናሊ የመጨረሻ ኦሊምፒኳን በጉዳት ላይ ሆና እየተንሸራተተች ነበር። አምስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን፣ ሦስት ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ የወጣች ሴት ናት። ወርቅ እንደማታገኝ ባወቀች ጊዜ ወደ ኋላ ተገልብጣ በአንድ እግሯ አረፈች። የተከለከለ መሆኑን ታውቃለች፤ ነጥብ እንደሚቀነስባትም ታውቃለች። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ፤ አሥረኛ ሆነች። ክልከላው የተነሳው በ2024 ነው፤ ፈረንሳዊው አዳም ሲያው ሂም ፋ በዚያው ዓመት ክልከላው ሳይነሳ በውድድር ተገልብጦ ነበር። ስለ አደጋው የሚነገረው ትክክል ነው፤ ግን ለዓመታት የተፈቀዱት ባለ አራት ዙር ዝላዮች ከእሱ ያነሰ አጥንት ሰብረዋል ብዬ አላምንም።

ጥንዶች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፤ ወንዱ ሴቲቱን ወርውሮ እሷ ሦስት ዙር ዞራ ብቻዋን ታርፋለች፣ ወይም ወደ ላይ ተወርውራ ከዞረች በኋላ መልሶ ይቀልባታል። የሶቪየቶቹ ኢካተሪና ጎርዴዬቫና ሰርጌይ ግሪንኮቭ በ1987 ይህን ሁለተኛውን በአራት ዙር ሠርተውታል። በአየር ሳይሆን በረዶው ላይ ከሚደረጉት ሽክርክሪቶች የሚያስደንቀው እግርን ከኋላ ከራስ በላይ ጎትቶ በእጅ መያዝ ነው፤ በ1981 የዓለም ሻምፒዮን በነበረችው ስዊዘርላንዳዊት በዴኒዝ ቢልማን ስም ይጠራል።

የከባድ ዝላይና የጥራት ክርክር ከሁሉም የጋለው በ2010 ቫንኩቨር ነበር። ሩሲያዊው የቭጌኒ ፕሉሼንኮ ባለ አራት ዙር ዘለለ፤ አሜሪካዊው ኢቫን ላይሳቼክ አንድም ሳይሞክር በ1.31 ነጥብ አሸነፈው። ፕሉሼንኮ ባለ አራት ዙር የሌለበት ወርቅ ወርቅ አይደለም ባይ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ለኢትዮጵያ ተወዳደረ። በ2006 ቱሪን ላይም ተወዳድሮ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የእሱ ስፖርት ሩጫ ነው ማለት ይቀላል፤ ትንፋሽና ጽናት ይበዛበታል። ፊገር ስኬቲንግ ግን ያለ በረዶ ሜዳ አይለመድም።

ዝላዮቹ ግን በጎማም ይለመዳሉ። መስቀል አደባባይ ላይ ጎማ ባለው ጫማ የሚበሩ ልጆችን ያየ ሰው አርቲስቲክ ሮለር ስኬቲንግ የሚባል፣ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና ያለው ውድድር እንዳለ ቢያውቅ ደስ ይለዋል። ዝላዮቹ እነዚያው ስድስቱ ናቸው፤ ቶ ሉፕን ብቻ በፈጣሪው ስም «ሜፕስ» ይሉታል። ጫማው ይከብዳል፣ ወለሉም እንደ በረዶ አያንሸራትትም፤ ስለዚህ ባለ አራት ዙር እዚያ እጅግ ብርቅ ነው። በበረዶም በጎማም ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው ዝላይ ግን አንድ ነው፤ በግራ እግር የውጭ ጠርዝ ፊቱን ሰጥቶ ይነሳል፣ ግማሽ ዙር ብቻ ይዞራል፣ በቀኙ ጀርባውን ሰጥቶ ያርፋል። ዋልዝ ዝላይ ይባላል። አንድ ሙሉ ዙር ሲጨመርበት አክስል ነው፤ ማሊኒን የጨመረበት አራት ነው።